ከቧንቧው ሥር ያለው ግድግዳ

ጥቅምት 4

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?

ይህችን መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ቆየሁ። ፊት ለፊት ሳገኝዎት እንኳ «እንደምን አደሩ»ን ግማሹን ውጬ ነው የምናገረው። በወረቀት ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያነበኝ ይመስለኛል። ከሰባተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ ከተክል ስም በቀር ምንም ጽፌ ስለማላውቅ ስህተቱን ይለፉኝ።

አጎቴ ዘንድ በሰላም እንደደረሱና መንገዱ እንዳላደከመዎት ከእሱ ሰምተን ደስ ብሎናል። ሐኪሙ ዓይንዎን መቼ እንደሚያክምልዎት ግን አልነገረንም።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የተክሎቹን ጥላ ቤት በር ጠዋት ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ የተቀደደውን ጆንያም ሰፍቼዋለሁ። አክስቴ ደህና ናት፤ ድምፅዋም ደህና ነው። የአበባ ነጋዴዋ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣች የፈርን ቅጠል በእቅፍ በእቅፍ ትወስዳለች። አክስቴ «ራሱ አበባ የሌለው ተክል አበባ እያጀበ ያበላናል፤ ጉድ እኮ ነው!» ትላለች።

ስለ አሮጊቷ ጥሩ ዜና አለኝ። ከጅረትዎ ዳር ያመጧትን ፈርን ራስዎ ብቻ ስለሚይዟት እኔ ከታች አይቻት አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቅጠሏን ገልበጥ ሳደርገው ከሥሩ ቡናማ ነጥብ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ አየሁ። ሁሉም ቅጠል ላይ አለ። ለነጋዴዋ የምንቆርጠው ገና ለጋውን ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የተክል ቅማል ነው ብዬ ክው አልኩ። እርስዎ እስኪሄዱ ጠብቆ የወረራት መሰለኝ።

ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጌ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅጠል በቅጠል ግማሽ ቀን ሙሉ አጠብኳት። አንድም ነጥብ አልቀረባትም። ከዚያ እንድትደርቅ ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ቢያዩዋት ኖሮ እንደ ሙሽራ ንጹሕ ሆናለች ይሉ ነበር።

ጭምት ያሉኝ የልጅ ልጅዎ


ጥቅምት 25

አባባ፣

መልስዎ እንዲህ ፈጥኖ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ጥያቄዎ ደግሞ አሳቀኝ። ሰው ከዚያ ሁሉ አገር ርቆ ስለ እጣቢ ውሃ ይጠይቃል? ቢሆንም እመልሳለሁ። ደጅ አልደፋሁትም። እንደ ልማዴ በጥላ ቤቱ ጥግ፣ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ባለው የጡብ ግድግዳ ላይ ነው የደፋሁት። ብሩሹንም እዚያው ጡብ ላይ መትቼ አራግፌዋለሁ። ሳሙና አልነበረበትም፤ አክስቴ ሳሙናውን እንደ ወርቅ ቆልፋበት ነው የምትወጣው።

ፀሐይ ላይ የቆየችው ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ጫፍ ጫፏ ትንሽ ነክቶታል። ትንሽ ነው። ውሃ አብዝቼላታለሁ። ደህና ናት።

ትናንት ስጠርግ የግራ ቦት ጫማዎን ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አውርጄ አቧራውን አራገፍኩለት። ልጅ ሳለሁ «ቀኙስ የት ሄደ?» ስልዎት «ቀኙ ሠርቶ በላ፤ ይኼኛው ግን ጡረታ ነው» ይሉኝ ነበር። ሙሉውን ታሪክ ነግረውኝ አያውቁም። እናቴ ከሞተች በኋላ በዚያ ጥላ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ብዙ ዝም እንል ነበር። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ዝምታው ስለጣመኝ ተውኩት። አሁን ልጠይቅዎት፤ አሮጊቷ እንዴት መጣች?

ጭምት


ኅዳር 12

ልጄ ጭምቴ፣

ይህን የምትጽፍልኝ የአጎትሽ ሚስት ናት፤ ዓይኔን በፋሻ አስረውታል። (እኔ ነኝ፤ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? ሳያስጨርሱኝ ነው የሚናገሩት፤ እጄ ዛለ።)

በመጀመሪያ ሁለት ነገር አዝሻለሁ፤ ለምን እንዳትዪኝ። አንደኛው፣ ከቧንቧው ሥር ያለውን ጡብ ማንም እንዳይፈገፍገው። የሚያቆሽሽ ነገር ቢበቅልበትም ተዪው። ሁለተኛው፣ ቧንቧው ያንጠባጥብ፤ ማንም እንዳይጠግነው። አክስትሽ ትጮኻለች። ትጩህ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት፤ ጩኸቷ እንደ ዝናብ ነው፣ ያባራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጅረቱ ከመንደራችን በታች በሁለት አለት መካከል ይወርድ ነበር። ፀሐይ የሚገባበት እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ተበዳሪ አፍሮ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል። ከአለቱ ላይ ፈርኑ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ከውሃው ዳር ደግሞ አንጓ አንጓ ያለው፣ ቅጠል የሌለው፣ ሲነኩት እንደ ሞረድ የሚሻክር አረንጓዴ ዘንግ ነበረ። እሱም አበባና ፍሬ አያውቅም፤ የፈርን ዘመድ ነው። ሴቶቹ በእሱ ድስት ይፈገፍጉበታል፤ ጥላሸት የሚባል ነገር አይቀርም።

አያትሽን ያየኋት እዚያ ነው። አጎንብሳ ትፈገፍጋለች፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ቀና ሳትል «አንተ፣ ጥላህን አንሣልኝ፤ ድስቴ አልታየኝም» አለችኝ። «ጥላዬ ከባድ ነው፤ አግዢኝ» አልኳት። ድስቱን ወረወረችብኝ። (አባባ፣ ይህንንስ ልጻፈው? ጻፊው አሉኝ።)

ኋላ ግድቡ ተሠራ። ውሃው በድንገት አልመጣም፤ በየቀኑ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ ነበር የሚወጣው። በሩን ነቀልን፣ ቆርቆሮውን ነቀልን፣ የሙታናችንን አጽም ሳይቀር ይዘን ወጣን። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተጭኖ ሳለ እኔ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ውሃው ከአለቱ ግማሽ ደርሷል። አንዷን ፈርን ከነሥሯ ነቀልኳት፤ የምይዝበት ግን ምንም የለኝም። የግራ ቦቴን አውልቄ ጭቃ ሞልቼ ተከልኳት። በአንድ ባዶ እግሬ እያነከስኩ ስደርስ አያትሽ «ሰው ንብረት ያወጣል፤ አንተ ቅጠል!» ብላ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን እስክትሞት ድረስ ውሃ ያጠጣቻት እሷ ናት።

አሮጊቷ የጎን ቡቃያ አታወጣም፤ አንድ ራስ ብቻ ስላላት ሌሎቹን እንደምንከፍላቸው ከፍለን ልናበዛት አልቻልንም። ከዚያ ጅረት የቀረችን እሷ ብቻ ናት። እንዴት እንደሆነች ግን አልጠይቅሽም። ሲመችሽ ትነግሪኛለሽ።

አያትሽ


ታኅሣሥ 17

አባባ፣

አልጠይቅሽም ስላሉኝ አመሰግናለሁ።

ቧንቧ ሠሪው መጥቶ ነበር። አክስቴ «ይኼ ጠብ ጠብ አንጎሌን በሳው!» ብላ ነው የጠራችው። እሱ ሻይ ሲጠጣ መፍቻውን ቦት ጫማዎ ውስጥ ከተትኩበት። ሰውዬው ግቢውን ሁሉ እየዞረ ሲፈልግ እኔ ቅጠል እያሰርኩ ቀና አላልኩም። «ይህች ልጅ አላየችውም?» ሲል አክስቴ «እሷ? የገዛ እግሯንም አይታ አታውቅ» አለችው። ዕቃው ጠፍቶበት ሄደ። ማታ አጥሩ ላይ ሰቅዬለት ጠዋት ወስዶታል። ቧንቧው ያንጠባጥባል።

ጡቡ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይዟል። አልነካሁትም።

አሮጊቷ ተኝታለች። በድርቅ ጊዜ ተኮማትረው የሞቱ የሚመስሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ግን የሚዘረጉ ፈርኖች አሉ ብለው ነግረውኝ ነበር። እሷም ከነሱ ወገን ናት አይደል?

ጭምት


ጥር 28

አባባ፣

ከነሱ ወገን አይደለችም ብለው በጻፉልኝ ጊዜ ደብዳቤዎን ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

አሮጊቷ ሞታለች። ተኝታለች ብዬ አልዋሽም፤ ሞታለች ነው። ፀሐዩ ቅጠሏን አቃጠለው፤ እኔ ደንግጬ ውሃ አበዛሁባት፤ ሥሯ በሰበሰ። ጅረትዎን በእጄ ገደልኩት። ሸክላዋን በጆንያ ሸፍኜ ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ «ደህና ናት» ብዬ ስጽፍ ቃሉ ትንሽ ስለሆነ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አክስቴ ለሠርግ አዳራሽ ቅጠል የሚገዛ ሰው ሊመጣ ነው ብላ ጥላ ቤቱን ኖራ ልታስቀባ ቀቢ ጠራች። ቀቢው ባልዲውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ጥግ ሄደ።

«ይኼ ሻጋታ ተፈግፍጎ ካልተነሣ ኖራው አይዝም» አለና የሽቦ ብሩሽ አወጣ።

ሄጄ በእሱና በግድግዳው መካከል ቆምኩ። እንዳልደፈጥጠው ፈርቼ ጀርባዬን እንኳ አላስደገፍኩም።

«ልጅት፣ ዞር በይ።»

እጆቼን ወደ ጎን ዘረጋሁ።

«ደንቆሮ ናት እንዴ?» አላት አክስቴን።

«ደንቆሮስ አይደለችም፤ ቃል ተወዶባት ነው። ጭምት! ምን ሆነሻል? ዞር በይለት!»

«አልዞርም» አልኩ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት አክስቴ አፏን ስትከፍት ነው። «አባባ አይነካ ብለዋል። አሮጊቷን አደራ ብለውኝ ገድያታለሁ። ግድግዳውን ግን አልሰጥም።»

አክስቴ ሄዳ ጆንያውን ገለጠችው። ሸክላውን ትክ ብላ አየችው። እኔ ስድቡን እየጠበቅሁ ጣቶቼን እቆጥር ነበር። እሷ ግን በቀስታ፣ ሰምቻት በማላውቀው ድምፅ «እማዬ ታጠጣት የነበረችዋ» አለች። ከዚያ ጆንያውን መልሳ አለበሰቻት፤ እንደ ሰው።

«ሦስቱን ግድግዳ ቀባ» አለችው ሰውዬውን። «አራተኛው ይቅር።»

«ኧረ እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም!»

«ይኸው አሁን አየህ።»

ሁሉም ሲሄዱ ግድግዳውን ተጠግቼ አየሁት። ሻጋታ አይደለም። የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያክሉ፣ ስስ፣ አረንጓዴ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ሕፃን የሣለው ልብ ይመስላሉ። ግንድ የላቸውም፣ ቅጠል የላቸውም። አባባ፣ ምንድን ናቸው? መልስ ባይሰጡኝም አልቀየምም። ይቅርታ ለመጠየቅ ይህ ወረቀት ይጠበኛል።

ጭምት


የካቲት 14

ልጄ፣

አሮጊቷ እንደማትተርፍ ያወቅሁት ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ነው። «አጠብኳት፣ ፀሐይ ላይ አወጣኋት» ስትዪ ልቤ ድክም አለ። ወዲያው ደግሞ ልቤ ተነሣና «ውሃውን የት ደፋሽው?» አልኩሽ። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ቅጠሏን ለማንም ሳላስነካ፣ ለማንም ሳላስተምር ይዣት ኖርኩ። ፍቅር መስሎኝ ነበር፤ ንፍገት ነው።

ስሚኝ። ያ ነጥብ ቅማል አይደለም። ፈርን አበባ የለውም፣ ዘር የለውም፤ ዘሩ ያ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ትቢያ የሞላው ከረጢት ነው። ትቢያው እርጥብ ቦታ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚሆነው ፈርን አይደለም። አንቺ ያየሽውን ይሆናል፤ ያን ልብ። ወንዴውም ሴቴውም ከዚያ ልብ ሥር ነው ያለው። ወንዴው ወደ ሴቴዋ የሚሄደው እየዋኘ ነው፤ ንብ አያመላልሰውም፣ ነፋስ አይሸከመውም። ውሃ ከሌለ ሠርግ የለም። አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች፤ ለእሱ ጅረት ናት። ቧንቧው ያንጠባጥብ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ለምን ቀድመው አልነገሩኝም ትዪ ይሆናል። ብነግርሽ በየሰዓቱ እየሄድሽ ትነካኪው ነበር። ባይበቅልስ? ሁለት ጊዜ አላሳዝንሽም ብዬ ነው። አንቺ ግን ምን እንደሆነ ሳታውቂ ጠበቅሽው። እኔ ምን እንደሆነች እያወቅሁ ነው አሮጊቷን የጠበቅኋት፤ ያንቺ ይበልጣል።

(ጭምቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን እሳቸው አላሉም። ፋሻው ከወለቀ ወር አልፎታል። አላዩም። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ እንጂ ሌላ የለም። «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፤ አንድ ሐዘን ይበቃታል» ብለውኛል። አሁን «ምንድን ነው ብዙ የምትጽፊው?» እያሉኝ ነው። ሰላምታ ነው ብያቸዋለሁ።)

አያትሽ


ሰኔ 2

አባባ፣

በየካቲት ለላኩልኝ «ሰላምታ» ዛሬም አመሰግናለሁ። የአጎቴን ሚስት ከእንግዲህ አይቆጧት። እኔ አሮጊቷን ደበቅሁዎት፣ እርስዎ ዓይንዎን ደበቁኝ። ዝምታ ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባኝ።

አልቅሻለሁ። ግን ጥላ ቤት ውስጥ ነው ያለቀስኩት፤ ውሃው የትም አልባከነም።

«እናቷን አትመስልም» ብዬ ስጽፍልዎት «ሕፃንም ሲወለድ ማንንም አይመስልም፤ ታገሺ» ያሉኝ ልክ ነበር። ከልቦቹ ሥር ብቅ ያለችው የመጀመሪያዋ ቅጠል መዳፍ የሌላት ሁለት ጣት ትመስል ነበር፤ አረም ናት ብዬ አዝኜ ነበር። አራተኛዋ ግን እንደ አሮጊቷ ተጠቅልላ ወጣች፤ የተኛ ሕፃን ጡጫ ሆና። ጠዋት አንድ ዙር፣ ማታ አንድ ዙር ትፈታለች። ችግኞቹ አሥራ አንድ ናቸው። አክስቴ በየቀኑ እየመጣች ትቆጥራቸዋለች፤ «እኔ እንዲያው ሳልፍ ነው» እያለች። የቧንቧው ጠብ ጠብ አንጎሏን መብሳቱን ትቷል።

ስለ መመለስ ላነሣሁት የሰጡኝን መልስ አልተቀበልኩትም። «ምን ለማየት እመጣለሁ? የማላየውን?» ብለዋል። እኔ ሙግት አላውቅም። ስለዚህ እጠብቃለሁ፤ የምጠብቀውን ደግሞ አሁን አልነግርዎትም። ይህን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ጭምት


ሚያዝያ 11፣ በዓመቱ

አባባ፣

ከአሥራ አንዱ ትልቋን ካሁን በኋላ ማንም አሮጊት አይላትም፤ አክስቴ «ልጅት» ብላ ጠርታታለች። የምትኖረው በግራ ቦትዎ ውስጥ ነው። ከታች በምስማር በስቼ ውሃ ማውጫ አበጅቼለታለሁ። ጡረታ ያሉት ጫማ ሥራ ገብቷል። ቀሪዎቹን ለማንም አልሸጥንም። አንዷን በአያቴ መቃብር ጥላ ሥር ተከልናት፤ አክስቴ ራሷ ቆፈረች።

ሰው ማናገርም ጀምሬያለሁ፤ ብዙ አይደለም። የአበባ ነጋዴዋ ልጅ መጥታ አንድ ቅጠል ገልብጣ «ውይ፣ ይኼስ ቅማል አለበት!» ስትል በአንድ ትንፋሽ ያስረዳኋት ነገር ያንን ግድግዳ ያክላል። ልጅቷ ሄዳ ለእናቷ «ያቺ የማትናገረዋ ሴትዮ ለፍልፋ ገደለችኝ» ብላታለች አሉ።

የምጠብቀው ደርሷል። የአጎቴ ሚስት፣ እስከዚህ ካነበብሽላቸው በኋላ ወረቀቱን አስቀምጪውና ፖስታው ውስጥ ያለውን ቅጠል መዳፋቸው ላይ አድርጊላቸው። ጀርባው ወደ ላይ ይሁን። የቀረውን መስመር ኋላ ታነቢያለሽ።

አባባ፣ ይኼኛውን ማንም አያነብልዎትም። ጣትዎን ከአገዳው ይጀምሩና ወደ ጫፉ ይሂዱ። ነጥቦቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ እንደ ጅረቱ ናቸው። እየቆጠሩ ይውረዱ። አንዱንም አላጠብኩትም።

ትቢያው እጅዎ ላይ ከቀረ እጅዎን አይታጠቡት። እንደያዙት ይምጡ። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል።

ጭምት